ከእንዶድ እስከ ማጠቢያ መኪና፤ የልብስ እጥበት ታሪክ በአቃቂ ወንዝ ዳር

ከጅቡቲ ወደብ ተነሥቶ ወደ አዲስ አበባ የሚገባ የቤት ዕቃ ቀረጥ ከሚከፈልባቸው ዋና ዋና በሮች አንዱ የቃሊቲ ጉምሩክ ነው። በካርቶን የታሸገ የልብስ ማጠቢያ መኪና ከኮንቴይነር ሲራገፍ በዚያ ማየት ዛሬ ማንንም አያስደንቅም። ከዚያው አጥር እምብዛም ሳይርቅ፣ የአቃቂ ወንዝ ገባሮች በሚያልፉበት ሠፈር፣ ልብሱን በድንጋይ ላይ እያሸ የሚያጥብ ሰውም አልጠፋም። ሁለቱን አንድ ላይ የተመለከተ ሰው አንዱ ሲመጣ ሌላው ይሄዳል፣ ጉዳዩ የጊዜ ብቻ ነው ብሎ ያስብ ይሆናል። ነገር ግን በአቃቂ ቃሊቲ የሚኖር ቤተሰብ ገንዘቡን አጠራቅሞ «የትኛውን መኪና እንግዛ? ማድረቂያስ ያስፈልገናል?» ብሎ መምከር ሲጀምር፣ ከመደብሩ የዋጋ ዝርዝር ይልቅ የአካባቢው ታሪክ የበለጠ መልስ ይሰጠዋል። የውኃው፣ የመብራቱ፣ የፍሳሹና ልብሱን እስከ ዛሬ ሲያጥብ የኖረው ሰው ታሪክ በዚህ ምርጫ ውስጥ አለና። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሳሙና በገበያ ከመለመዱ በፊት የአገሩን ነጭ ልብስ ሲያነጣ የኖረው እንዶድ ነው። እንዶድ በየአጥሩ ጥግ የሚበቅል፣ ሐረግ መሳይ ቁጥቋጦ ነው፤ ፍሬው ተለቅሞ በፀሐይ ይደርቃል፣ በሙቀጫ ይወቀጣል፣ ከዚያም በውኃ ተበጥብጦ አረፋ ያወጣል። አረፋውን የሚያስገኘው በፍሬው ውስጥ ያለው ሳፖኒን የተባለ ንጥረ ነገር ሲሆን፣ በእጅ ለተፈተለ የጥጥ ልብስ እጅግ የተስማማ ነበር። ልብሱ በእንዶዱ ውኃ ተነክሮ በድንጋይ ላይ በእግር ይረገጣል፤ ጋቢ የሆነ እንደ ሆነ ሁለት ሰዎች ጫፍና ጫፉን ይዘው፣ አንዱ ወደ ቀኝ አንዱ ወደ ግራ እየጠመዘዙ ይጨምቁታል፤ በመጨረሻም በሣር ላይ ይሰጣል። ማጠቢያው፣ መጭመቂያውና ማድረቂያው፣ ዛሬ በሦስት ስም የሚሸጡት ሥራዎች፣ በአንድ የወንዝ ዳር በአንድ ቀን ይፈጸሙ ነበር።

በቀደሙት ዘመናት አገሪቱን የጎበኙ የውጭ አገር ተጓዦች በዚህ ረገድ በመገረም የመዘገቡት አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም ልብስ ማጠብ የወንድ ሥራ መሆኑ ነው። እህል መፍጨትና ውኃ መቅዳት የሴት ድርሻ ሲሆኑ፣ ወንዝ ወርዶ ልብስ መርገጥ ግን ወንድን የሚያሳፍር ሥራ አልነበረም። ይህ ሥርዓት መቼና እንዴት እንደ ተገለበጠ የሚናገር አንድ የተወሰነ ቀን የለም። የከተማ ኑሮ ሲስፋፋ፣ እጥበቱ ከወንዝ ዳር ወደ ግቢ፣ ከድንጋይ ወደ ሳፋ ሲዛወር፣ በግቢ ውስጥ የሚሠራ ሁሉ በሴቲቱ ጫንቃ ላይ እንደሚወድቅ እርሱም አብሮ የወደቀ ይመስላል። የማጠቢያ መኪና ሲገዛ «ለሴቷ ማቅለያ» ተብሎ መነገሩ ልማድ ሆኗል፤ የአያት የቅድመ አያት ሥርዓት ሥራውን ለወንድ ሰጥቶት እንደ ነበረ ግን የሚያስታውስ ጥቂት ነው።

እንዶድ ከልብስ እጥበት አልፎ በሳይንስ ዓለም ስሙ የተጠራው በ1964 ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ በአድዋ በሚገኝ ወንዝ ስለ ቢልሃርዝያ ሲያጠኑ፣ ሰዎች ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በብዛት ተንሳፈው አዩ። በሽታውን የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች የሚሞቱት በእጥበቱ የእንዶድ ውኃ መሆኑን ደረሱበት። ከዚህ የተነሣው ምርምር በቀድሞው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ በተቋቋመው፣ ዛሬ በስማቸው በሚጠራው የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት ለብዙ ዓመታት ቀጠለ፤ አክሊሉ ለማና የሥራ ባልደረባቸው ለገሠ ወልደ ዮሐንስም በ1989 «አማራጭ ኖቤል» እየተባለ የሚጠራውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀበሉ። ለዚህ ጽሑፍ ግን ከሽልማቱ ይልቅ ያ የመጀመሪያው እይታ ይበልጣል። ከእጥበት የሚወጣ ውኃ ከወንዝ ጋር ሲቀላቀል ከታች ያለውን ሕይወት ይነካል። የእንዶድ መርዝ በጥቂት ቀናት ውስጥ ፈርሶ ይጠፋል፤ ከእርሱ በኋላ የመጡት ግን እንዲህ በቀላሉ የሚለቁ አልሆኑም።

አዲስ አበባ በ1886 ስትቆረቆር እጥበቱ የሚካሄደው በፍልውኃና ከእንጦጦ በሚወርዱት ወንዞች ነበር። እነዚህ ወንዞች ትንሹና ትልቁ አቃቂ ተብለው በሁለት መስመር ከተማይቱን አቋርጠው ወደ ደቡብ ይወርዱና በአባ ሳሙኤል ግድብ ይገናኛሉ፤ ከዚያም ወደ አዋሽ ይገባሉ። እንግዲህ አቃቂ በመልክዓ ምድሩ የከተማይቱ ግርጌ ነው። ላይ የታጠበው ሁሉ ታች ይደርሳል።

የምድር ባቡሩ አዲስ አበባ በ1917 ከገባ በኋላ በአቃቂ በኩል የሚያልፈው ጭነት የሕዝቡን አለባበስ ለወጠው። ከውጭ የመጣው አቡጀዲና ካኪ ከአገር ሸማ ጎን ተሰለፈ፤ የባሕር ማዶ ሳሙናም አብሮ ገባ። የባቡሩ መስመር ፋብሪካም ይስባልና፣ በ1950ዎቹ መጨረሻ ከሕንድ ባለሀብቶች ጋር በሽርክና የተቋቋመው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ አቃቂን የሠራተኛ ከተማ አደረጋት። በሺፍት የሚሠራ፣ የደንብ ልብስ የሚለብስ፣ ወንዝ ወርዶ ግማሽ ቀን የሚያጠፋበት ጊዜ የሌለው ሕዝብ ተፈጠረ። ገላን ሳይቀር በሚያቆሽሽ ሥራ የሚውል ሰው ልብሱን በየሳምንቱ ማጠብ አለበት፤ ለዚህም ሁለት መንገድ ነበረው፤ ወይ ሚስቱ ታጥባለች፣ ወይ በቀን የምትከፈል አጣቢ ትጠራለች። በ1975 ታላላቆቹ ፋብሪካዎች በመንግሥት ሲወረሱ ባለቤቱ ተለወጠ እንጂ ሳፋው ከቦታው አልተነቃነቀም።

የመብራቱ ታሪክም በዚሁ ወንዝ ላይ ይጀምራል። የአገሪቱ የመጀመሪያ የውኃ ኀይል ማመንጫ በ1930ዎቹ በአቃቂ ወንዝ ላይ የተሠራው አባ ሳሙኤል ነው። ኀይሉ 6.6 ሜጋዋት ነበር። ይህ ቁጥር ምን ማለት እንደ ሆነ ለመረዳት በልብስ ማድረቂያ መለካት ይቻላል። አንድ ተራ ማድረቂያ 2.5 ኪሎዋት ያህል ይስባል፤ እንግዲህ በመስመር የሚባክነውን ሳይቆጥሩ፣ መላው አባ ሳሙኤል በአንድ ጊዜ ሊያንቀሳቅስ የሚችለው 2,640 ማድረቂያዎችን ብቻ ነበር። ዛሬ በአቃቂ ቃሊቲ ከተሠሩት የኮንዶሚኒየም መንደሮች አንዱ ብቻ ይህን ያህል ቤት አያጣም። በ1960 የቆቃ ግድብ 43 ሜጋዋት ይዞ ተከተለ፤ በ2025 የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ ደግሞ ከ5,000 ሜጋዋት በላይ የተተከለ ኀይል አለው። ስለዚህ ኀይል ከምንጩ ጠፋ ማለት ዛሬ አይቻልም፤ ጭንቁ በየሠፈሩ ማከፋፈያ ትራንስፎርመርና ወደ ቤት በሚገባው ሽቦ ላይ ነው።

በዚህ ጊዜ ውስጥ በሌላው ዓለም የማጠቢያ መኪና ረጅም መንገድ ተጉዟል። በኤሌክትሪክ ሞተር የሚዞር ማጠቢያ በአሜሪካ ለገበያ የቀረበው በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ሲሆን፣ ሰው ሳይነካው ውኃ ሞልቶ፣ አጥቦ፣ አለቅልቆ የሚጨምቀው አውቶማቲክ በ1937 ቤንዲክስ በተባለው ስም ወጣ። ይሁን እንጂ መኪናው የተባለውን ዕረፍት አመጣ ወይ የሚለው አከራካሪ ነው። አሜሪካዊቷ የታሪክ ተመራማሪ ሩት ሽዋርትዝ ካዋን በ1983 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ የቤት መሣሪያዎች ሲበዙ የቤት እመቤቲቱ የሥራ ሰዓት እምብዛም እንዳልቀነሰ አሳይተዋል፤ በሳምንት አንድ ጊዜ ይታጠብ የነበረ ሸሚዝ በየቀኑ መታጠብ ጀመረ፣ ቀድሞ ወደ ውጭ አጣቢ ይላክ የነበረውም ወደ ቤት ተመለሰ።

በኢትዮጵያ መኪናው በመጀመሪያ የታወቀው በሆስፒታሎች፣ በሆቴሎችና በውጭ አገር ሰዎች ቤት ነው። ወደ ተራው ቤተሰብ የገባበት መንገድ ግን ሌላ ነው። ወደ ቤይሩት፣ ወደ ጅዳና ወደ ዱባይ በቤት ሠራተኛነት የሄዱ እጅግ ብዙ ኢትዮጵያውያት መኪናውን በሰው ቤት ተማሩት፤ የትኛው ልብስ በስንት ዲግሪ እንደሚታጠብ፣ የትኛው ማድረቂያ ውስጥ እንደማይገባ፣ ማጣሪያው መቼ እንደሚጸዳ ከማንም በላይ ያውቃሉ። በ2013 እና በ2014 ከሳውዲ ዓረቢያ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያን በግዳጅ ሲመለሱ ይህ እውቀት አብሮ ተመለሰ። ዛሬ በአቃቂ ለአንድ ቤተሰብ መኪና ሲገዛ በደንብ የምታማክረው ከሻጩ ይልቅ ከዓረብ አገር የተመለሰችው እኅት ወይም የአክስት ልጅ ናት።

የምርጫው ፈተና የሚጀምረው ከውኃው ነው። ለከተማይቱ ገፈርሳ በ1940ዎቹ፣ ለገዳዲ በ1970 ደረሱላት፤ በ21ኛው መቶ ዓመት መባቻ ደግሞ የአቃቂ የከርሰ ምድር ጉድጓዶች ተጨመሩ። የአቃቂ ምድር ለመላዋ አዲስ አበባ ውኃ እየሰጠ፣ የአቃቂ ነዋሪ ራሱ ውኃ በፈረቃ መጠበቁ ከሚያስገርሙ ነገሮች አንዱ ነው። ፈረቃው ደግሞ ቀን አይመርጥም። ውኃው የመጣው በሚካኤል ወይም በማርያም ዕለት የሆነ እንደ ሆነ፣ በበዓል ልብስ የማያጥብ ቤት ሮቶውን ሞልቶ ሌላ ቀን መጠበቅ ይኖርበታል።

እዚህ ላይ አንድ ቀላል የፊዚክስ ሕግ ብዙ ገንዘብ ያድናል። ሙሉ አውቶማቲክ የሆነ መኪና ውኃ ለመሙላት ግፊት ይፈልጋል፤ አብዛኞቹ ከ0.3 እስከ 0.5 ባር ካላገኙ ቧንቧው ተዘግቷል ብለው ይቆማሉ። 10 ሜትር ከፍታ ያለው ውኃ 1 ባር ያህል ይሰጣል። ሮቶው ከመኪናው 2 ሜትር ብቻ ከፍ ብሎ የተቀመጠ እንደ ሆነ ግፊቱ 0.2 ባር ገደማ ነውና መኪናው አይሞላም፤ ሻጩ ግን ይህን አይጠይቅም፣ ገዢውም አይናገርም። ሮቶው በጣሪያ ላይ በሆነበት ባለ አራት ፎቅ ሕንጻ፣ የምድር ቤቱ ነዋሪ በቂ ግፊት ሲያገኝ ከጣሪያው ሥር ያለው ይቸገራል። መፍትሔው ትንሽ ፓምፕ ማስገባት ነው፤ ፓምፑ ግን መብራት ሲጠፋ አብሮ ይቆማል።

በዚህ የተነሣ፣ በማስታወቂያ እንደ ኋላ ቀር የሚቆጠረው ሴሚ አውቶማቲክ፣ ማጠቢያውና መጭመቂያው ለየብቻ የሆነው ባለ ሁለት ገንዳ መኪና፣ በአቃቂ ቃሊቲ ሁኔታ ከሚገባው በታች ተንቋል። በባልዲ ይሞላል፤ ግፊት አይጠይቅም። ነጩ የታጠበበት የሳሙና ውኃ ለባለ ቀለሙ፣ ከዚያም ለሥራ ልብሱ ያገለግላል፤ ይህም በሳፋ እጥበት የታወቀ የቁጠባ ዘዴ ነው። ውኃ የሚያሞቅበት ስለሌለው የሚስበው ኀይል የሞተሩ ብቻ ነው፤ ይህም ጥቂት መቶ ዋት ነው። ከፊት የሚከፈተው አውቶማቲክ በአንድ ዙር 50 ሊትር ያህል ውኃ ብቻ ይበቃዋል፤ በዚህ ከላይ ከሚከፈተው አሮጌ ዓይነት፣ ከ100 ሊትር በላይ ከሚጠጣው፣ እጅግ ይሻላል። ሆኖም ውኃውን ሲያሞቅ 2 ኪሎዋት ይስባል፤ መብራት በሚወርድና በሚወጣበት ሠፈርም መጀመሪያ የሚቃጠለው የኤሌክትሮኒክስ ቦርዱ ነው። ስታብላይዘር ሳይገዙ ይህን ዓይነት መኪና መግዛት ግማሽ ግዢ ነው። በ2024 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የመለዋወጫ ዋጋ ከዶላሩ ጋር ስለሚወጣ፣ መጠገን የሚችል ሰውና መለዋወጫ በቅርብ መኖራቸው ከመኪናው ስም ይበልጣል።

የአገር ልብስ ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። ጋቢ ውኃ ሲጠጣ ክብደቱ ከእጥፍ በላይ ይሆናል፤ ብቻውን የገባ እንደ ሆነ በአንድ በኩል ተጠቅልሎ ከበሮውን ያናውጠዋል፣ መኪናውም አልጨምቅም ብሎ ይቆማል። ስለዚህ ጋቢ የሚያጥብ ቤት ከበሮው ሰፊ የሆነውን መምረጥ፣ ከአንሶላ ጋር አመዛዝኖ ማስገባት አለበት። ነጠላ በስስነቱ ይተበተባል፤ የቀሚስ ጥለትም ቀለሙ ይለቃል። በውጭ አገር የተሠራው የመኪናው መመሪያ ስለ ሱፍና ስለ ሐር ብዙ ይላል፤ ስለ እነዚህ ግን አንድም ቃል የለውም።

ወደ ማድረቂያው ሲመጣ ፍርዱ ይቀላል። አዲስ አበባና አካባቢዋ ከሰኔ እስከ መስከረም ካልሆነ በቀር ደረቅ አየርና ብርቱ ፀሐይ አላቸው፤ አቃቂ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ዝቅተኛ ነው፣ ውኃም በቀላሉ ይተንናል። በገመድ ላይ የተሰጣ ሸሚዝ በበጋ ከምሳ በፊት ይደርቃል። ማድረቂያ ግን 1 ኪሎ ውኃ ለማትነን ቢያንስ 0.63 ኪሎዋት ሰዓት ኀይል ይፈልጋል፤ 7 ኪሎ ልብስ በደካማ መጭመቂያ ወጥቶ 5 ኪሎ ያህል ውኃ ቢይዝ፣ ከ3 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ለአንድ ዙር ይነዳል። ብርቱ መጭመቂያ፣ በደቂቃ 1,400 ጊዜ የሚዞረው፣ ያንን ውኃ ወደ 3.5 ኪሎ ያወርደዋል። እንግዲህ ለማድረቂያ የታሰበውን ገንዘብ የተሻለ መጭመቂያ ባለው ማጠቢያ ላይ ማዋል ይሻላል።

ከዚህም በላይ ማድረቂያው ከምጣድ ጋር ይጣላል። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ያህል ይስባል፤ ማድረቂያው 2.5 ቢጨመርበት በ220 ቮልት መስመር ላይ 27 አምፔር ይሆናል፣ ብዙ የቤት መስመርም ይህን አይሸከምም። እንጀራና ደረቅ ልብስ በአንድ ሰዓት የማይገኙበት ቤት ማንን እንደሚመርጥ መጠየቅ አያስፈልግም። በእጅ የተፈተለ ጥጥ በማድረቂያ ሙቀት መኮማተሩም ሳይረሳ ነው። ማድረቂያ በእርግጥ የሚያስፈልገው በሐምሌና በነሐሴ፣ የሕፃን ልብስ ባለበት ቤት ነው፤ ይህ ቤት ቢገዛ በሙቀት መሳቢያ የሚሠራውን፣ ከተራው ግማሽ ያህል ኀይል የሚወስደውን ዓይነት ቢመርጥ ይሻለዋል።

በ2000ዎቹ አጋማሽ የተጀመረው የኮንዶሚኒየም ግንባታ ሲነደፍ ይህ ሁሉ ሳይታሰብ አልቀረም፤ መልሱ ግን ሌላ ነበር። በየሕንጻዎቹ መካከል ልብስ ለማጠብ፣ እንጀራ ለመጋገርና በግ ለማረድ የሚያገለግል የጋራ መገልገያ ቤት እንዲሠራ ተደረገ። በመታጠቢያ ክፍሉ ውስጥ ግን ለማጠቢያ መኪና የታሰበ ቦታ የለም፤ መኪና የገዛ ሰው ከመጸዳጃው ጎን ያስጠጋዋል፣ የማፍሰሻ ቱቦውንም ወደ መጸዳጃው ወይም ወደ ወለል ማስወረጃው ያስገባል። የታጠበው ልብስ በሰገነቱ ላይ ይንጠለጠላል፤ የላይኛው ፎቅ ጋቢ በታችኛው ፎቅ ነጠላ ላይ ይንጠባጠባል፣ በዚህም ጎረቤት ከጎረቤት ይቀያየማል። የጋራው ቤት ሐሳብ ጥሩ ነበር፤ አንድ ጠንካራ መኪና ለአንድ ሕንጻ ቢተከልበት የግፊቱም፣ የመስመሩም፣ የፍሳሹም ችግር በአንድ ቦታ በተፈታ ነበር። ያ ሳይሞከር እያንዳንዱ ቤት የየራሱን መግዛት ጀመረ።

በዚህ መካከል ስሟ የማይነሣ አንዲት ሴት አለች። በሳምንት አንድ ቀን በየቤቱ እየዞረች በሳፋ የምታጥበው፣ ከገጠር የመጣች ወይም ልጆቿን ብቻዋን የምታሳድግ፣ ሌላ ሥራ የሌላት አጣቢ ናት። መኪናው ሲገባ መጀመሪያ የሚቀረው የእርሷ ቀን ነው። ቤተሰቡ የመኪናውን ዋጋ ሲያሰላ ለእርሷ የሚከፈለውን እንደ ትርፍ ይቆጥረዋል፤ ሒሳቡ ትክክል ነው፣ ግን በአንድ ቤት ትርፍ የሆነው በሌላው ቤት የልጅ እራት ነበር። አንዳንዶች መኪናውን ገዝተው እርሷን አልተዉም፤ ማስገባቱን፣ መለየቱን፣ ማስጣቱንና መተኮሱን ሰጥተው በቀድሞው ክፍያ አቆይተዋታል። ሴሚ አውቶማቲኩ ለዚህም ይመቻል፤ የሚያንቀሳቅሰው ሰው ይፈልጋልና።

የቀረው ፍሳሹ ነው። ሕዝቡ በጅምላ ኦሞ የሚለው የዱቄት ሳሙና በብዙ አገር ፎስፌት የተባለ ማዕድን ተጨምሮበት ሲሠራ ኖሯል፤ የአውሮፓ ኅብረት ከ2013 ጀምሮ በቤት ልብስ ማጠቢያ ውስጥ መጠኑን እጅግ ዝቅ ያደረገው፣ ውኃ ውስጥ ሲገባ አረምን እንደ ማዳበሪያ ስለሚያፋፋ ነው። በአቃቂ ወንዝ ላይ የእጥበቱ ውኃ ብቻውን ጥፋተኛ አይደለም፤ የቆዳ ፋብሪካውም፣ የጨርቃ ጨርቁም፣ የመጸዳጃውም ፍሳሽ አለበት። በዚሁ ውኃ በአካባቢው ጎመንና ሰላጣ ይለማል፣ ለከተማይቱም ገበያ ይቀርባል። ማጠቢያ መኪና የሚገዛ ቤት ፎስፌት የሌለውን ሳሙና ቢመርጥና መጠኑን ባያበዛ፣ ከሳፋው ይልቅ ያነሰ ሳሙና ወደ ወንዙ ይልካል፤ አረፋ መብዛቱ ንጽሕና አይደለም፣ ከፊት ለሚከፈተው መኪናም ጉዳት ነው።

በቃሊቲ ከ1980ዎቹ ጀምሮ የፍሳሽ ማጣሪያ ኩሬዎች ነበሩ፤ በኋላም በቀን 100,000 ሜትር ኩብ ማጣራት በሚችል አዲስ ተቋም ተተኩ። ከመስመሩ ጋር የተያያዘ ቤት የእጥበት ውኃው ወደዚያ ይሄዳል፤ ያልተያያዘው ቤት ግን በየቦዩ ወደ ትንሹና ወደ ትልቁ አቃቂ ይለቀዋል። ያም ይህም በመጨረሻ አባ ሳሙኤል ይደርሳል፤ የውኃውን ገጽም እምቦጭ ሸፍኖት ኖሯል። ለዓመታት ቆሞ የነበረው የአባ ሳሙኤል ማመንጫ በ2016 ታድሶ እንደገና ሲነሣ፣ ተርባይኑን የሚያዞረው ውኃ በከተማይቱ ሳፋዎችና መኪኖች ውስጥ ያለፈው ውኃ ነበር።